«ዘጠኝ ሰዓት ሞላ?»

የምሠራው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ አንድ ዴይ ኬር ነው። የሕፃናት አይደለም፤ አቅም ያነሳቸው አዋቂዎች የሚውሉበት ነው። ስኳርና ግፊት ያለባቸው፣ ስትሮክ የመታቸው፣ መርሳት የጀመራቸው። ጠዋት ቫኑ ከየቤታቸው ይሰበስባቸዋል። ነርስ ትለካቸዋለች፣ ምሳ ይበላሉ፣ ቁጭ ብለው ስፖርት ቢጤ ይሠራሉ፣ ከሰዓት በኋላ ይመለሳሉ። የአብዛኞቹን ወጪ ሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠው የጤና መድን፣ ይከፍላል።

ቤት ቢውሉስ? ልጅ ሥራ ነው፣ የልጅ ልጅ ትምህርት ቤት ነው። እናት አፓርታማ ውስጥ ከቴሌቪዥን ጋር ተፋጠው ሊውሉ ነው። ነርሲንግ ሆምን፣ አረጋውያን ገብተው የሚኖሩበትን ተቋም፣ ደግሞ የእኛ ሰው ስሙን ማንሳትም አይፈልግም። ጭንቀቱ የእኛ ብቻ አይደለም። ሳን ፍራንሲስኮ ያለው ኦን ሎክ የተባለ ድርጅት የቀን ማዕከሉን በ1973 እ.ኤ.አ. ሲከፍት፣ የቻይናታውንና የአካባቢው ቤተሰቦችም ወላጆቻቸውን ነርሲንግ ሆም ማስገባት አንጀታቸው እምቢ ብሎ ነበር። አረጋውያን ነርሲንግ ሆም ሳይገቡ እንክብካቤ የሚያገኙበት፣ ፔስ የሚባለው የዛሬው የአሜሪካ መንግሥት ፕሮግራም የተወለደው ከዚያ ነው።

እኔ ረዳት ነኝ። አማርኛ ስለምችል ግን ግማሽ ቀኔ በማስተርጎም ያልቃል።

ነገሩ የሆነው በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴ ነው፤ ረመዳንም ገጥሞ ነበር። ምሳ ተነስቶ ቢንጎ እየተጫወትን አንዲት የጎጃም እናት አንገታቸውን ደፉ። እንቅልፍ ነው ብሎ ማንም ልብ አላለም። ጠጋ ብዬ «እማማ፣ ተኙ እንዴ?» ስላቸው ግንባራቸው በላብ ርሷል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ የሚናገሩትም አይያያዝም። ነርሷን ጠራሁ። ጣታቸውን ወግታ ስኳራቸውን ለካች፤ 52። ከ70 ሲወርድ ነው የሚያሰጋው፤ 52 ቀልድ አይደለም።

ወዲያው የብርቱካን ጭማቂ አመጣች። እማማ አፋቸውን ግጥም አደረጉ።

«ዘጠኝ ሰዓት ሞላ?» አሉኝ።

ገና ሰባት ተኩል ነው። ነርሷ «ምን አሉ?» ትለኛለች። «መድኃኒት ነው ብለው ይጠጡት» ብዬ ለመንኩ፤ ወይ ፍንክች። ነርሷ 911፣ የድንገተኛ እርዳታ ቁጥር፣ ልትደውል ስልኳን አነሳች። ይሄኔ ከጎናቸው ያሉት አባት፣ አገር ቤት መሪጌታ የነበሩት፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«ጠጪ እንጂ እህቴ! የታመመ ሰው ምን ጾም አለበት? ኃጢአት ከሆነም በእኔ ይሁን!» አሏቸው፣ ቆጣ ብለው።

አማተቡና ጠጡ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ሲለኩ ከፍ ብሏል። እኛ የሠለጠንነው ሰዎች ያቃተንን አብረዋቸው የሚውሉት ሽማግሌ ጨረሱት። ቤት ብቻቸውን ቢሆኑ ኖሮ ማን ይቆጣቸዋል?

ከዚያ ማጣራት መጣ። ልጃቸው ሥራ ከመሄዷ በፊት፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ የስኳር ክኒናቸውን ታውጣቸዋለች። ክኒኑ ሆድ ባዶ ሆነም አልሆነም ስኳርን ወደ ታች የሚገፋው ዓይነት ነው። ቁርሱን አስቀምጣላቸው ትወጣለች፤ ምሳ ደግሞ እኛ እንሰጣቸዋለን ብላ ታምናለች። የእኛ መዝገብ በየቀኑ «በልተዋል» ይላል፤ ምክንያቱም ሳህኑ ባዶውን ይመለሳል። ባዶ የሚያደርገው ማን ነው? ፊት ለፊታቸው የሚቀመጥ ኤልሳልቫዶራዊ ሽማግሌ፤ የሁለት ሰው ዶሮ እየጠረገ ሲመርቃቸው ከርሟል። እሱም ስኳር አለበት።

ልጅቷ ስትሰማ «ጾሙን የተወችው መስሎኝ ነበር» ብላ አለቀሰች። እናትየው ልጄን አላስጨንቅ ብለው ደብቀዋታል፤ እኛን ደግሞ አላስቸግር ብለው። እንዲህ የሚሸሽግ ሰው ቅጽ ሞልቶ አይነግርህም። ከጎኑ ሲበላ ወይ ሳይበላ የሚያየው ሰው ያስፈልገዋል።

ነርሷ ሐኪማቸው ጋ ደወለች፤ ክኒኑ ተለወጠ። ልጅቷ የንስሐ አባታቸውን በስልክ አገናኘቻቸው፤ «ከሥጋና ከወተት ተከልከዪ፣ ሰዓቱን ተዪው» አሏቸው። ወጥ ቤቱ ምስርና ሩዝ ማቅረብ ጀመረ። እማማ እያጉረመረሙም ቢሆን ይበላሉ።

ትንሽ የታገልነው ከአለቃችን ጋር ነው። አዲስ ሰው ሲገባ የሚሞላው ቅጽ ስለ አለርጂ ይጠይቃል፣ ስለ ዳይፐር ይጠይቃል፣ ስለሚወዱት ሙዚቃ ሳይቀር ይጠይቃል። ይጾሙ እንደሆነ አይጠይቅም። አለቃችን «ሃይማኖት የሚል ቦታ አለ እኮ» አለ። ኦርቶዶክስ ተብሎ መጻፉ ግን ለነርሷ ምንም አይነግራትም። ካቶሊክ ናት፣ ከፊሊፒንስ። «የእናንተም አርባ ቀን ነው አይደል፣ ዓርብ ዓርብ ሥጋ አለመብላት?» አለችኝ። ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን መሆኑን፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ፍልሰታ፣ የገና ጾም እንዳለ ስነግራት ካላንደሯን አውጥታ ማስመር ጀመረች። እሷ ናት አለቃችንን ያሳመነችው።

ጥያቄው ቅጹ ውስጥ ገባ፤ የቆዩትንም እንደገና ጠየቅን። ኢንሱሊን የሚወጉ አንድ የሐረር ሰው አሉን። ረመዳንን እየጾሙ እንደሆነ ስንጠይቃቸው «አዎ፣ ምነው?» አሉ። ለምን እንዳልነገሩን ስንላቸው ሳቁ። «ማን ጠየቀኝ?»

ነርሷ በዚያው ሰዓት ሐኪማቸው ጋ ደወለች።