አሥራ ሦስተኛው ዙር

ዛሬም እንቅልፍ የለም። የከፋኝ ነገር ኖሮ አይደለም፣ ሌሊቱ ብቻ ከበደኝ። እንዲህ ሲያደርገኝ አምስቱን ምርጥ የከባድ ሚዛን ቦክሰኞች በደረጃ እንደምደረድር ታውቃላችሁ። አንደኛ አሊ፣ ሁለተኛ ሉዊስ ብዬ ጽፌ ቆምኩ። (ሉዊስ የምለው ጆ ነው። በፊደላችን ሌኖክስም ሉዊስ ስለሆነ እሱን ሌኖክስ እለዋለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አሊ አንደኛ ለመሆኑ ክርክር የለኝም። ሊስተንን፣ ፍሬዘርንና ፎርማንን ሦስቱንም ያሸነፈ ሌላ ቦክሰኛ የለም። ያውም ፍሬዘርንና ፎርማንን የገጠመው ከ1967 እስከ 1970 ከሪንግ ርቆ ከቆየ በኋላ፣ የእግሩ ፍጥነት ሲቀንስ ነው።

ሉዊስ ላይ ስደርስ ነው ሐሳቤ የሸሸው። ከ1937 እስከ 1949 ሻምፒዮን ነበር፤ ክብሩን 25 ጊዜ አስጠብቋል። ተጋጣሚዎቹ ደካሞች ነበሩ የሚሉትን አውቃለሁ። እኔ ግን የማየው ስህተቱን እንዴት እንዳረመ ነው። በ1936 ሽሜሊንግ በ12ኛው ዙር የዘረረው አንድ ነገር አስተውሎ ነው፦ ሉዊስ በግራ ቀጥታ ከመታ በኋላ እጁን ወደ አገጩ ሲመልስ ዝቅ ያደርገው ነበር። በዚያ ክፍተት ቀኙን ከላይ አሳለፈበት። ከሁለት ዓመት በኋላ ዳግም ሲገናኙ ነገሩ በ2 ደቂቃ ከ4 ሴኮንድ አለቀ። የሉዊስ ቡጢ ረጅም መንገድ አይሄድም። ክርኑ ከጎድኑ ብዙ አይርቅም፣ እግሩ መሬቱን እየዳሰሰ ይጠጋል፣ ከዚያ ወገቡ ይዞራል። ብዙ ጀማሪ ኃይሉ ከክንድ የሚመጣ ይመስለውና ክንዱን ወደ ኋላ ስቦ ይወረውራል። ቡጢው ሳይደርስ ተጋጣሚው አይቶታል።

እና በ1941 ከኮን ጋር ያደረገው ግጥሚያ መጣብኝ። ኮን ከቀላል ከባድ ሚዛን የወጣ፣ ከ80 ኪሎ በታች የሚመዝን ፈጣን ልጅ ነው፤ ሉዊስ 90 ኪሎ ገደማ። ከ12 ዙር በኋላ ሁለት ዳኞች ኮን ይመራል ብለዋል፣ ሦስተኛው እኩል ናቸው ብሏል። በ12ኛው ዙር ሉዊስን በግራ ሁክ (ክርን ታጥፎ ከጎን በሚወረወር ቡጢ) አንገዳግዶታል። ያ ሁክ ነው ያጠፋው። በ13ኛው ዙር መዞሩን ትቶ ሊዘርረው ቆመ። ሰፊ ሁክ የሚወረውር ሰው አገጩን ገልጦ ነው የሚወረውረው፤ ከፊቱ ያለው ደግሞ ቡጢው አጭር የሆነው ሉዊስ ነበር። ዙሩ ሊያልቅ 2 ሴኮንድ ሲቀረው ኮን ላይ የዳኛው ቆጠራ አለቀ። ሁለት ሴኮንድ!

ግጥሚያው 15 ዙር መሆኑ ቀርቶ እንደ ዛሬው 12 ዙር ቢሆን ኖሮስ? ሻምፒዮኑ ኮን ነው። የሉዊስ ቁጥርም 25 አይሆንም።

ይህን ካሰብኩ በኋላ ዝርዝሩን እንደ በፊቱ ማየት አቃተኝ። ማርሲያኖን ውሰዱ። 49 ግጥሚያ፣ 49 ድል፣ 43ቱ በዝረራ። ቀበቶውን የወሰደው በ1952 ፊላደልፊያ ላይ ከዎልኮት ነው። በመጀመሪያው ዙር ወድቆ ነበር፤ ከ12 ዙር በኋላ በሦስቱም ዳኞች ነጥብ እየተመራ ነበር። በ13ኛው፣ ገና 43 ሴኮንድ ሲሆን፣ ዎልኮት ወደ ገመዱ ሲያፈገፍግ አንድ አጭር ቀኝ አገጩ ላይ አረፈበት። ክንዱ ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ በጉልበቱ ወረደ። በዛሬው ደንብ ያ ቀኝ ሳይወረወር ግጥሚያው ያልቅ ነበር፤ 49 ለ 0 የሚባል ነገርም አይኖርም።

ሆልምስም እንዲሁ ነው። በ1978 ኖርተንን ያሸነፈው ከ15 ዙር በኋላ በአንድ ነጥብ ልዩነት ነው፤ የመጨረሻውን ዙር ያየ ሰው አይረሳውም።

ከ12ኛው በኋላ ያሉት እነዚያ ሦስት ዙሮች ሲቆጠሩ 9 ደቂቃ ናቸው። ግን የሚመጡት ከ36 ደቂቃ ድብድብ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት መጀመሪያ የሚከዳው እግር ነው፤ ተረከዝ መሬት ይነካል፣ ሁለቱ እግሮች ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ ሚዛን ይጠፋል። ቀጥሎ ግራ እጅ ሲመለስ ይወርዳል። በ3ኛው ዙር ጎንበስ ብሎ የሚያልፈውን ቡጢ በ13ኛው እያየው ይቀበለዋል። ማኒላ ላይ በ1975 ፍሬዘር የጥርስ መከላከያው ከአፉ ወጥቶ የበረረው በ13ኛው ዙር ነው። ከ14ኛው በኋላ አሰልጣኙ ፈች አስቆመው። ትክክልም አደረገ።

ዙሮቹ የቀሩበትን ምክንያት ሳስብ ግን ይመለሱ ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም። በ1982 ላስ ቬጋስ ውስጥ ኪም ዱክ-ኩ ከማንቺኒ ጋር ገጥሞ በ14ኛው ዙር ወደቀ፤ ከቀናት በኋላ ሞተ። ገና ወጣት ነበር። የዓለም ቦክስ ምክር ቤት ወደ 12 ዙር ወረደ፤ ሌሎቹ የቦክስ ድርጅቶችም በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ተከተሉ። ኪም የከባድ ሚዛን ሰው አልነበረም፣ ግን የከባድ ሚዛንን ታሪክ ለሁለት የከፈለው የእሱ ሞት ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡትን በምን ልመዝናቸው? ታይሰን አይቸግረኝም። ከወደቀ በኋላ ተነሥቶ ያሸነፈበት ግጥሚያ ስለሌለ ከአምስቱ ውስጥ አይገባም። ሌኖክስ የዘረሩትን ሁለቱንም፣ ማኮልንም ራህማንንም፣ ዳግም ገጥሞ አሸንፏል፤ አምስተኛ አድርጌዋለሁ።

ያቃተኝ ኡሲክ ነው። በ2024 ሪያድ ላይ ፉሪን ሲገጥም በመሀከለኞቹ ዙሮች ተመትቶ ነበር። በ9ኛው ግን ፉሪን ገመድ ለገመድ እያንገዳገደ ዳኛው እንዲቆጥርበት አደረገ፤ በመጨረሻ በተከፈለ የዳኞች ውሳኔ አሸነፈ። ዙር በጨመረ ቁጥር የሚሻለው ዓይነት ሰው ነው። 13ኛ ዙር ግን ማንም አልሰጠውም፤ ማርሲያኖ ደግሞ ያለ 13ኛው ዙር ሻምፒዮን አይሆንም ነበር።

ሦስተኛው ሆልምስ ነው። አራተኛው መስመር ባዶ ነው። ማርሲያኖ ወይስ ኡሲክ?