የአሜሪካኖች ጥሬ ቡናና የእንቁላሉ ነገር

ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ቤት በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ከሁሉ በፊት ዘመን አቆጣጠሩን ይለይ። 1860ን ዝም ብሎ ከጻፈው አንባቢው መቅደላ ይደርሳል፤ እዚያ ግን የእርስ በርስ ጦርነቱ ዋዜማ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

አራት ኪሎ ተቀምጦ ለሚመረምር ሰው ጥሩ መግቢያ ቡና ነው፤ ግማሹን ሥራ እጁ ያውቀዋል። እስከ 1860ዎቹ አብዛኛው የአሜሪካ ቤት ጥሬ ቡና ገዝቶ እንደኛው በብረት ምጣድ ይቆላ ነበር። ጥሬው ለወራት ይቀመጣል፣ የተቆላው ግን ቶሎ ሽታው ይጠፋል። የፒትስበርጉ ነጋዴ ጆን አርበክል በ1868 የተቆላ ፍሬን በእንቁላልና በስኳር የመለበጥ ዘዴ ያስመዘገበው ለዚሁ ነው።

መጠን ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በጦርነቱ ጊዜ የሰሜኑ ጦር ለ100 ሰው የአንድ ቀን ቀለብ የሚመድበው 10 ፓውንድ ጥሬ ወይም 8 ፓውንድ የተቆላና የተፈጨ ቡና ነበር። አንድ አምስተኛው ሲቆላ ይሄዳል ማለት ነው። ከመርካቶ 100 ግራም ጥሬ ገዝቶ፣ ጥቁር እስኪል ቆልቶ እንደገና መመዘን ነው። ሰነዱ "አንድ ፓውንድ ቡና" ሲል ጥሬው ይሁን የተቆላው ሳይለዩ የአንድን ቤት ፍጆታ ማስላት ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ እንቁላሉ። የእነሱ ማፍያ አፈ ሰፊ ቆርቆሮ ስለሆነ ቡናው እንደ ጀበና አይሰክንም። ስለዚህ የተፈጨውን ቡና ከእንቁላል ነጭና ከጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ጋር እንደ ገንፎ ያሹታል፣ የፈላ ውሃ ያፈሱበታል፣ ጥቂት ደቂቃ አፍልተው ያወርዱታል፣ ከላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ አድርገው ይጠብቃሉ። እንቁላሉ በሙቀት ሲረጋ አተላውን ሰብስቦ ይዞት ይወርዳል። በደንብ ሳይታሽ ትኩስ ውሃ ካገኘው ግን ለብቻው በስሎ እንደ ክር ይንሳፈፋል። ቆጣቢዋ ሴት ቅርፊቱን ብቻ ትጠቀማለች፤ ደረቅ የዓሣ ቆዳ የሚጨምሩም ነበሩ።

ይህን የሚነግሩን የዘመኑ የቤት አያያዝ መጻሕፍት ናቸው፤ መጻሕፍቱ ግን ቤት እንዲህ ቢሆን የሚሉ እንጂ እንዲህ ነበር የሚሉ አይደሉም። ለነበረው የሟች ንብረት ቆጠራ ይሻላል፤ የቡና መፍጫው ከነዋጋው ተጽፎ ይገኛል። ወጥመዱ ዝምታው ነው። ገማቾች ርካሹን ዕቃ "ልዩ ልዩ ቆርቆሮ" ብለው ይጠቀልሉታል፣ የእንጨት ማንኪያውንም ይዘሉታል፤ ስለዚህ ያልተጻፈ ሁሉ አልነበረም ማለት አይደለም። የሚስት ዕቃም ብዙውን ጊዜ የባል ተብሎ ነው የሚገኘው።

በደቡብ ደግሞ ቡናውን የምትቆላው በባርነት የተያዘች ሴት ራሷ ከመፍጫው ጋር ዋጋ ተቆርጦላት እዚያው ዝርዝር ውስጥ ትገኛለች። የ1850 እና የ1860 የባሪያዎች ቆጠራ በጌታው ስም ሥር የሚያሰፍረው በአብዛኛው ዕድሜ፣ ፆታና የቆዳ ቀለም ነው፤ ስሟን የሚጽፈው የንብረት ዝርዝሩ ነው። ባርነት ከቀረ በኋላ ከተደረገው የ1870 ቆጠራ ስሟን ይዞ ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል፤ ዕድሜ በግምት ስለሚጻፍ ግን የጥቂት ዓመት ልዩነት ሲታይ ሌላ ሰው ናት ብሎ መተው አይገባም።