ቀዩ የትኛው ነው?

የምሠራው ሀዋሳ ውስጥ በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ ኮምፒውተር ክፍል ነው። ሁለት ፕሪንተር አለን። አንዱ ጥቁርና ነጭ ብቻ የሚያትም አሮጌ ሌዘር፣ ሌላው ከለር። ጥቁርና ነጭ በገጽ 5 ብር፣ ከለር 20 ብር ነው። ሂሳቡን የሚነግረን የማሽኑ ቆጣሪ ነው። እሱ ያለው አለ፤ ከእሱ ጋር ክርክር የለም።

ሰኔ ላይ ነው። ተመራቂዎች ፍላሽ ይዘው የሚሰለፉበት ወር። ዝናቡ እየወረደ አንዲት ልጅ ከባጃጅ ወርዳ እየሮጠች ገባች። ፍላሹን በፌስታል ጠቅልላዋለች። 64 ገጽ የመመረቂያ ጽሑፍ። አሮጌው ማሽን ወረቀት ጎርሶ አልለቅም ብሏል። ፋይሉን ከፈት አድርጌ አየሁት፤ ፊደል ብቻ ነው። «ጥቁር ጽሑፍ ከለሩም ላይ ቢሄድ ያው ጥቁር ነው» ብዬ ላክሁት።

ቆጣሪውን ሳይ 64 ከለር ይላል። 1280 ብር! ልጅቷ የያዘችው 400 ብር ነው።

«ጋሼ፣ ከለሩ ምኑ ላይ ነው?»

እኔም አልታየኝም። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዤ ሄድኩ። ራስጌው ላይ ከፀጉር የቀጠነች ሰማያዊ መስመር አለች። ሁሉም ገጽ ላይ። ልጅቷ የጻፈችው የቀድሞ ተመራቂ ፋይል ላይ ነው፤ መስመሯ አብራ መጣች። የእኛ ማሽን ደግሞ ቀለሙ በዛ አነሰ አይልም። አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ካገኘ ገጹን ከለር ብሎ ይመዘግባል። ከመላኬ በፊት ሴቲንጉ ውስጥ ገብቼ ግሬስኬል የሚለውን ብመርጥ ኖሮ መስመሯ ግራጫ ሆና ታልፍ ነበር።

320 ብሯን ተቀብዬ 960ውን ከኪሴ ሞላሁ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ አታውቅም።

በማግስቱ ከለሩን ማሽን ግሬስኬል ላይ አድርጌ ተውኩት። ከእንግዲህ የሚያታልለኝ የለም ብዬ።

ሁለት ሳምንት አልሞላም። አንድ ወጣት በሐይቁ ዙሪያ የመሬት አጠቃቀም ላይ የሠራውን 90 ገጽ ይዞ መጣ። እሱም አልተናገረም፣ እኔም አልጠየቅሁም። አተምኩለት፣ ይዞ ወጣ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስፓይራል አስገብቶበት ተመለሰ።

«ጋሼ፣ ከተማውና ጫካው አንድ ሆነብኝ!»

ካርታውን ዘረጋው። ከጎን ያለው መግለጫ ቀይ ሕንፃ ነው፣ አረንጓዴ ዛፍ ነው ይላል። ካርታው ላይ ግን ፒያሳና ታቦር ተራራ አንድ ዓይነት ግራጫ ናቸው። ቀለም ወደ ግራጫ ሲለወጥ የሚቀረው ድምቀቱ ብቻ ነው። ድምቀታቸው የተቀራረበ ቀይና አረንጓዴ ሲሆኑ ማንም አይለያቸውም። ልጁ አንዱን በሰረዝ፣ አንዱን በነጠብጣብ ሞልቶት ቢሆን ኖሮ በጥቁርና ነጭም ይነበብ ነበር። ግን ጠዋት ሊያቀርብ ነው፤ አሁን ካርታ የሚሠራበት ጊዜ የለውም።

አጠገቤ አስቀምጬው ገጽ በገጽ አየነው። ከ90ው ቀለም የሚያስፈልገው 4 ብቻ ነው! የገጽ ቁጥር የሚጻፍበት ሳጥን ውስጥ 23, 27, 31-32 ብዬ ሞላሁና ሴቲንጉን ወደ ከለር መለስኩት። ማሽኑ ቢጫው ሊያልቅ ነው እያለ ያስፈራራናል። ነገሩ ቀላል አይደለም። ማሽኑ ውስጥ ቀይም አረንጓዴም የሚባል ቶነር፣ ማለትም የቀለም ዱቄት፣ የለም። ያሉት ውሃ ሰማያዊ፣ ማጀንታ የሚሉት ደማቅ ሮዝ፣ ቢጫና ጥቁር ናቸው። ቀዩ ከማጀንታና ከቢጫ፣ አረንጓዴው ከውሃ ሰማያዊና ከቢጫ ነው የሚወጣው። ቢጫው ካለቀ ከተማውም ጫካውም የለም። ደግነቱ አራቱን አወጣልን። 80 ብር ለመክፈል እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ «ተው ልጄ» አልኩት። ጥፋቱ የእኔም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ማስታወቂያ ጻፍኩ። «ከመታተሙ በፊት ከለር የሚሆነውን ገጽ ቁጥር ይንገሩን። በቀይ የተጻፈውን ዋጋ ልብ ይበሉ።» አትሜ በሩ ላይ ለጠፍኩት።

ከሰዓት አንዲት ተማሪ ቆማ አነበበችው። ጠጋ አለች፣ ራቅ አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ ቀዩ የትኛው ነው?»

ያተምኩት በአሮጌው ማሽን ነው።