ቁጣው ለካሸሯ አይገባም

ዛሬ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ የቤንዚን ልከፍል ስገባ ከፊቴ የነበረው ሰውዬ "ሌቦች!" ብሎ ጮኸና ብሩን ባንኮኒው ላይ ወርውሮ ወጣ።

ካሸሯ የኛው ልጅ ናት። ምንም አልመለሰችም። ዶላሮቹን አንድ በአንድ ለቀመች፤ የተጨማደዱትን በመዳፏ እያስተካከለች መሳቢያው ውስጥ በየቦታቸው ከተተች። "አይዞሽ እህቴ" ስላት፣ "ዋጋውን እኔ የምጨምረው ይመስላቸዋል" አለችኝ። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሰውዬው መናደዱ ልክ ነው። እኔም ታክሲ ነድቼ የማድር ሰው ነኝ፤ ቤንዚን ሲጨምር የሚቀነሰው ከልጆቼ ጉሮሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ጋሎኑን ከ5 ዶላር በላይ ስንቀዳ፣ ግዙፉ የአሜሪካ ነዳጅ ካምፓኒ ኤክሶን ሞቢል በዚያ ዓመት ከ55 ቢሊዮን ዶላር በላይ አተረፈ። በ2020 በኮቪድ ጊዜ ከ22 ቢሊዮን በላይ መክሰሩ እውነት ነው። ግን የ2022ቱ ትርፍ በአብዛኛው የመጣው የዩክሬን ጦርነት ዋጋውን ስለሰቀለው እንጂ አዲስ ነገር ስለፈጠሩ አይደለም። ይሄ ያንገበግባል!

ማደያው ግን ሌላ ነው። የካምፓኒውን ስም ይለጥፍ እንጂ አብዛኛው የግለሰብ ነው። ከጋሎን የሚተርፈው ሳንቲም ነው፤ ኪራዩን የሚሸፍነው ቡናውና ሲጋራው ነው።

እንግሊዝ በ2022 በሰሜን ባሕር ነዳጅ ትርፍ ላይ 25 በመቶ ተጨማሪ ግብር ጣለች። እዚህ ተመሳሳይ ረቂቅ ለኮንግረስ ቀርቦ ሳይጸድቅ ቀረ። የተናደዳችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ለወከላችሁ የኮንግረስ አባል ቢሮ ደውሉ። እኔ ነገ ጠዋት እደውላለሁ።