«በዕቅዱ ውስጥ የለም»

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ላይ በተካሄደው የመሥሪያ ቤታችን ግምገማ፣ አንዲት የመዝገብ ቤት ባለሙያ ባለጉዳዮች ፋይላቸው የት እንደደረሰ ለማወቅ ከገጠር ቀበሌ እንዳይመላለሱ በአጭር የስልክ መልእክት እንዲነገራቸው ሐሳብ አቀረበች። «በዕቅዱ ውስጥ የለም» ተባለና ወደ በጀት አጠቃቀም ታለፈ።

እኔን ያሳሰበኝ የሐሳቡ ውድቅ መሆን ሳይሆን፣ ሐሳብን የሚመረምር ሰው፣ የሚሞከርበት ጊዜና መልስ የሚሰጥበት ቀን አለመኖሩ ነው። ቶዮታ የሠራተኞቹን የፈጠራ ሐሳብ የሚቀበልበትን ሥርዓት የዘረጋው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ስሪ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ደግሞ ሠራተኞቹ ከሥራ ጊዜያቸው 15 በመቶ ያህሉን ለራሳቸው ሐሳብ እንዲያውሉ ይፈቅዳል፤ እዚያ ስፔንሰር ሲልቨር በ1968 ያገኘው ደካማ ማጣበቂያ ለዓመታት ጥቅም ሳይገኝለት ቆይቶ፣ ባልደረባው አርት ፍራይ በ1974 ለመጽሐፍ ዕልባት እንደሚሆን ስላሰበ፣ በ1980 ዛሬ በየቢሮው የምናየው ተለጣፊ ማስታወሻ ሆኖ በመላው አሜሪካ ለገበያ ቀረበ። የእኛ ሥራ ግን በየሩብ ዓመቱ ይመዘናል፤ በዚህ አያያዝ ያ ማጣበቂያ ገና በመጀመሪያው ሪፖርት «ያልተሳካ» ተብሎ ይዘጋ ነበር።

የሐሳብ መስጫ ሣጥናችን ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለ ስጠይቅ የሚያውቅ አልተገኘም (ቀልድ አይደለም)። የባለሙያዋ ሐሳብ በአንድ የሥራ ክፍል ብቻ ለሦስት ወር እንዲሞከር ከስብሰባው በኋላ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ።