ወይን ጠጁ ቀለም ቡኒ ሲሆን

«ዱቄቱ ተበላሽቷል፤ ለአቅራቢው ደብዳቤ እንጻፍ» ተባለ። የውሃ ማጣሪያ ላብራቶሪ ውስጥ ነን። አዲሷ ባልደረባችን ጠዋት ያንን ዱቄት፣ ማለትም ፖታሲየም ፌሬት የሚባለውን ብረት ያለበት የውሃ ማጣሪያ ኬሚካል፣ በተጣራ ውሃ በጥብጣ፣ ጠርሙሱን ጥርቅም አድርጋ ዘግታ ምሳ ወጥታለች። ከሰዓት ናሙናው ላይ ስትጨምረው ውጤቱ ግራ የሚያጋባ ሆነ። ድፍርሱ ውሃ ጠርቷል፤ ልናጠፋው የፈለግነው በካይ ኬሚካል፣ ፌኖሉ፣ ግን ንክች አላለም።

እኔ ዱቄቱን አልጠረጠርኩም። የውሃው መጥራት ነው ነገሩን ያሳበቀው። ዝገት ውስጥ ያለው ብረት +3 ነው፣ ሦስት ኤሌክትሮን የጎደለው ማለት ነው፤ ፌሬት ውስጥ ያለው ግን +6። ኃይለኛ ኦክሲዳይዘር፣ ማለትም ከሌላው ኤሌክትሮን ነጣቂ፣ ያደረገውም ይሄው ነው። አሲድ ውስጥ የመንጠቅ አቅሙ 2.20 ቮልት ይደርሳል፤ ከኦዞንም ይበልጣል። ሥራውን ሲጨርስ ወደ +3 ወርዶ ብረት ሃይድሮክሳይድ ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ድፍርሱን አያይዞ ወደ ታች ያዘቅጠዋል። በአንድ ኬሚካል ሁለት ሥራ! እንግዲህ ውሃው ጠርቶ ፌኖሉ ካልተነካ፣ ፌሬቱ ናሙናው ጋ ሳይደርስ አልቋል ማለት ነው።

አንጋፋው ቴክኒሻናችን «እስቲ ጠርሙሱን አምጪው» አሉ። ክዳኑን ቀስ አድርገው ሲያላሉት ፍስስ አለ። ኦክስጅን ነው። ፌሬት ውሃ ውስጥ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ውሃውን ራሱን እያጠቃ ኦክስጅን ይለቃል። የሚፈጠረው ቡኒ ዝቃጭ ደግሞ ብልሽቱን ያፋጥነዋል። ጠዋት ድብን ያለ ወይን ጠጅ ቀለም የነበረው ፈሳሽ ቡኒ ሆኗል፤ ከታች ደለል ይዟል። «ልጄ፣ ይሄ ፊትሽ ላይ ቢፈነዳስ?» አሏት። እውነታቸውን ነው። እኔንም ከውጤቱ ይልቅ ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

አብረው ደገሙት። ፒኤች 9 በሆነ ባፈር (ፒኤቹ እንዳይዋዥቅ በሚያደርግ ፈሳሽ)፣ ለዚያች ሰዓት የሚበቃውን ብቻ። ወይን ጠጁ ቀለም ራሱ ፌሬቱ ስለሆነ መጠኑን ማወቅ ጣጣ የለውም፤ ፈሳሹ ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ በሚለካው ስፔክትሮፎቶሜትር 510 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ላይ ይነበባል። ንባቡ ከፍ አለ፤ ፌኖሉም ቀነሰ። ጠረጴዛ ላይ የተበተነውን ዱቄት በወረቀት ልትጠርግ ስትል ግን ቴክኒሻኑ እጇን ለቀም አደረጉት። ደረቅ ኦክሲዳይዘርና ወረቀት ከተገናኙ እሳት ሊነሳ ይችላል።

ደብዳቤው ቀረ። አሁን ፌሬት በጥብጦ ክዳን የሚያጠብቅ የለም፤ 510 ላይ ያልተነበበም ናሙና ውስጥ አይገባም።