በ28 ጉብታ ላይ የቆመ ክብ ግድግዳ

ተወልጄ ያደግሁት በባሕር ዳር ስለ ሆነ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲባል አስቀድሞ በዓይነ ኅሊናዬ የሚመጣው ክብ ሕንፃ ነው። በዘጌ ጫካ ውስጥ እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያሉት ጥንታውያን አድባራት በውጭ ክብ ግድግዳ፣ ከላይ ሾጣጣ ጣሪያ ይዘው ይታያሉ፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ቅኔ ማኅሌቱና ቅድስቱ ተከታትለው ይዞራሉ፣ በመካከላቸውም ባለ አራት ማዕዘኑ መቅደስ በሥዕል አጊጦ ይቆማል። አሁን የምኖረው በሜሪላንድ ነው። ለ10 ዓመት ልጄ ይህን ሁሉ በቃል ማስረዳት ስላልሆነልኝ፣ እርሷ በምትወድደው የሌጎ ጡብ (እየተገጣጠመ በሚሠራበት የፕላስቲክ መጫወቻ) አብረን ልንሠራው ተስማማን። ሥራው ከአንድ ዓመት በላይ ወሰደብን፤ ከዚያ ጊዜ አብዛኛው ያለፈው ስንገጣጥም ሳይሆን ስናፈርስና ስናሰላ ነበር።

የሌጎ ጡብ በተፈጥሮው ለቀጥታ መስመርና ለአራት ማዕዘን የተሠራ ነው። በአናቱ ላይ ከላይ የሚደረበውን ጡብ የሚይዙ ትንንሽ ክብ ጉብታዎች ተደርድረዋል። ከአንዱ ጉብታ መካከል እስከ ቀጣዩ መካከል 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአንድ ጡብ ቁመት 9.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የስስ ጡብ ቁመት የዚህ ሲሶ፣ ማለትም 3.2 ሚሊ ሜትር ነው። የዴንማርኩ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1958 ይህን አያያዝ በፈጠራ መብት ካስመዘገበ ወዲህ ልኩ ስላልተለወጠ፣ ከሰው የተረከብናቸው አሮጌ ጡቦች ከአዲሶቹ ጋር ያለ ችግር ገጠሙልን። ክብ ግን ለዚህ ሁሉ ልክ ባዕድ ነው፤ በቀጥታ ከተደረደሩት ጉብታዎች መካከል የትኞቹ ላይ እንደሚያርፍ አስቀድሞ ያላወቀ ሰው መጨረሻ ላይ ይቸገራል። ይህንን የተማርሁት በሁለት ውድቀት ነው።

በመጀመሪያው ሙከራ ክቡን በካሬ ወረቀት ላይ ስዬ፣ መስመሩ ያለፈባቸውን ካሬዎች በጡብ ሞላሁ። ሲያልቅ ልጄ ዙሪያውን በጣቷ እየዳሰሰች «አባዬ፣ ይኼ እኮ ክብ አይደለም፣ ደረጃ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ይህ ዘዴ ከሩቅ ለሚታይ በጣም ትልቅ ሥራ ይሆናል እንጂ በጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጥ ሞዴል አይሆንም።

ስለዚህ ግድግዳው ራሱ የሚታጠፍበትን መንገድ መፈለግ ነበረብኝ። ያገኘሁት መንገድ ባለ 3 ጉብታ ቀጭን ጡብና ባለ 1 ጉብታ ድቡልቡል ጡብ እያፈራረቁ መደርደር ነው። በታችኛው ረድፍ ባለ 3 ጉብታው ይቀመጣል፣ ቀጥሎ ድቡልቡሉ፣ ቀጥሎ ሌላ ባለ 3፤ በላይኛው ረድፍ ያለው ባለ 3 ጡብ ደግሞ በድቡልቡሉ ላይ ተሻግሮ የግራና የቀኙን ጡቦች ጫፍ በአንድ አንድ ጉብታ ይይዛል። ሁለት ጡቦች በአንድ ጉብታ ብቻ ሲያያዙ በዚያ ጉብታ ላይ ይዞራሉና፣ በየ2 ጉብታው አንድ መታጠፊያ ይገኛል። ድቡልቡሉ ጡብ ማዕዘን ስለሌለው የጎረቤቶቹን ጫፍ አይገፋም፤ ክፍተቱንም ስለሚሞላ ብርሃን አያሳልፍም። ከውጭ ሲታይ እንደ ቀጭን አጠና ቁልቁል የቆመ መስመር መስጠቱ ያላሰብሁት ጸጋ ሆነልኝ።

ሁለተኛው ውድቀት የመጣው እዚህ ላይ ነው። ያለንን ጡብ ቆጥሬ ዙሪያውን 64 ጉብታ አደረግሁት። ክቡ ውብ ሆኖ ተዘጋ፤ ነገር ግን ስፋቱ 20.4 ጉብታ ገደማ ስለ ሆነ ከመሠረቱ ሰሌዳ ጋር በአንድም ቦታ በቅጡ አልገጠመም። ግድግዳው ሰሌዳው ላይ እንዲሁ ተቀምጦ ስለ ነበር፣ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ስናሻግረው ተንሸራትቶ ወደቀና ተበተነ። ልጄ አለቀሰች፤ እኔም ለሁለት ሳምንት አልነካሁትም።

መፍትሔው በትምህርት ቤት ለፓይ ስንጠቀምበት በነበረው ክፍልፋይ፣ በ22/7፣ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የክቡ ስፋት የ7 ብዜት ከሆነ ዙሪያው ሙሉ ቁጥር ሊሆን ምንም ያህል አይቀረውም። ስፋቱ 28 ጉብታ ሲሆን ዙሪያው 88 ይሆናል፤ 88 ደግሞ ለ4 ይካፈላልና በእያንዳንዱ ረድፍ 22 ባለ 3 ጡብና 22 ድቡልቡል ጡብ ያለ ትርፍ ይገባል። መታጠፊያዎቹ 44 ስለሚሆኑ እያንዳንዱ የሚታጠፈው ከ8 ዲግሪ በጥቂት በሚበልጥ ነው፤ ይህም ጡቡን አያስጨንቀውም። ከሁሉም በላይ፣ 44 ለአራት ሲካፈል 11 ስለሚሆን፣ በአራቱም አቅጣጫ አንድ አንድ መታጠፊያ በትክክል ጉብታ ላይ ያርፋል፤ ልዩነቱ ከ0.2 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ባለ 32 ጉብታውን ሰሌዳ በሙሉ ጉብታ በሌላቸው ለስላሳ ስስ ጡቦች ሸፍኜ፣ በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ ብቻ አንድ አንድ ባለ ጉብታ ስስ ጡብ ተውሁ። ግድግዳው በአራቱ ተይዞ፣ በቀረው ለስላሳ ወለል ላይ ያለ እንቅፋት ዞረ። 8 ረድፍ ስንሠራ 176 ባለ 3 ጡብና 176 ድቡልቡል ያስፈልገን ነበር፤ በሮቹ ከዚህ ትንሽ ቀነሱልን። ይህን ስሌት ከግዥው በፊት ብሠራው ኖሮ ብዙ ወጪ ይቀርልኝ ነበርና፣ እንደኔ ለሚጀምር ሁሉ አስቀድሜ የምነግረው ይህንኑ ነው።

የውስጡን ክብ በ14 ጉብታ ስፋት ሞከርሁት። ተዘጋ፤ ሆኖም እያንዳንዱ መታጠፊያ ከ16 ዲግሪ በላይ ስለሚጠየቅ የጡቦቹ ማዕዘን ድቡልቡሎቹን መጫን ጀመረ። ጡብ በግድ ሲታጠፍ ደስ ስለማይለኝ አፍርሼው በቦታው አራት ማዕዘኑን መቅደስ ብቻ አቆምሁ።

ጣሪያው ከግድግዳው ይልቅ አስተማረኝ። ሾጣጣውን ከ16 እየጠበቡ ከሚሄዱ ገበታዎች ልሠራው ወሰንሁ፤ ገበታዎቹም በጎናቸው ከሚጠቡት ስስ ጡቦች የተገጣጠሙ ናቸው። ተዳፋቱን በዓይን ከመገመት ይልቅ ባለ 3፣ 4፣ 5 ጎኑን ሦስት ማዕዘን በ4 አባዛሁት፤ ከመካከል እስከ ጠርዝ 16 ጉብታ፣ ከፍታው 12፣ ተዳፋቱ 20። ከፍታ ግን የሚለካው በጡብ ነው እንጂ በጉብታ አይደለም። 12 ጉብታ 96 ሚሊ ሜትር ነው፤ 96 ሚሊ ሜትር ደግሞ ልክ 10 ጡብ ነው። ይህን ያገኘሁበትን ሌሊት አልረሳውም፤ ልጄን ቀስቅሼ ላሳያት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ችግር ጫፉ ነው። 16 ገበታ በአንድ ነጥብ ላይ ሊገናኝ አይችልም። በእያንዳንዱ ገበታ አናት ላይ 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክሊፕ አድርጌ ሁሉንም በተጠማዘዘ ቀጭን የሌጎ ቱቦ ላይ አንጠለጠልኋቸው፤ 16 ክሊፕ ጎን ለጎን 128 ሚሊ ሜትር ስለሚይዝ የቱቦው ክብ ስፋት ከ41 ሚሊ ሜትር ሊያንስ አልቻለም። ስለዚህ ገበታዎቹ ከተዳፋቱ 20 ጉብታ ውስጥ 16ቱ ላይ ያበቃሉ፣ ቱቦውም ከጣሪያው ጠርዝ 8 ጡብና 1 ስስ ጡብ ከፍ ብሎ በመካከለኛው ምሰሶ ላይ ያርፋል። አናቱ ክፍት መቅረቱ መጀመሪያ ላይ አሳዘነኝ። ኋላ ግን የአያቴ ጎጆ ትዝ አለኝ፤ እዚያም ወራጆቹ የሚሰበሰቡበት አናት ዝናብ እንዳያስገባ የሸክላ ጉልላት ይደፋበት ነበር። እኛም ቀዳዳውን በጉልላት ደፍነን፣ በመስቀሉ ጫፎች ላይ ለሰጎን እንቁላል ምልክት ነጫጭ ድቡልቡሎች አኖርን። በገበታዎቹ መካከል በጠርዙ በኩል 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት ቀርቷል፤ ከሥር ጠባብ ስስ ጡብ አድርጌ ብርሃኑን ከመከልከል በቀር አልታገልሁትም።

ጣሪያው ግድግዳው ላይ ባረፈ በሦስተኛው ቀን ክቡ እንቁላል መምሰል ጀመረ። የሚታጠፍ ግድግዳ ለመታጠፍ የተመቸ ስለ ሆነ ጣሪያው ወደ ውጭ ሲገፋው አይቃወምም። አራቱ መያዣዎች እዚህም አዳኑን፤ በግድግዳው አናት ላይ ያሉት አራት መታጠፊያዎችም ከምሰሶው ጋር በአንድ መስመር ስለሆኑ፣ ከእያንዳንዳቸው እስከ ምሰሶው ረጅም ስስ ጡብ እንደ አግዳሚ ዘረጋሁ። ግድግዳው ወደ ክብነቱ ተመለሰ፣ ከዚያ ወዲህም አልተነቃነቀም።

ሲያልቅ ለእናቴ በስልክ በቪዲዮ አሳየናት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችውና ጉልላቱን ካመሰገነች በኋላ፣ «ልጄ፣ የጣሪያው ጠርዝ አጭር ነው፤ ክረምት ሲገባ ግድግዳው ይረጥባል» አለች። ትክክል ናት፤ ጠርዙ ከግድግዳው የሚያልፈው በአንድ ጉብታ ተኩል ብቻ ነው። በማግስቱ ወደ ወረቀቴ ተመለስሁ። ሦስት ማዕዘኑን በ5 ባበዛው ከፍታው 12 ጡብ ተኩል ይሆናል፤ ግማሽ ጡብ ደግሞ በስስ ጡብ አይሞላም። በ6 ሲበዛ ግን ከመካከል እስከ ጠርዝ 24፣ ከፍታው 15 ሙሉ ጡብ ይሆናል። ግድግዳው 42 ጉብታ ቢሰፋ ዙሪያው 132 ነው፤ በረድፍ 33 ባለ 3 እና 33 ድቡልቡል፣ ጠርዙም ሁለት ጉብታ ተኩል ያልፋል። ባለ 48 ጉብታውን ሰሌዳ ገዝተናል፤ ልጄ ለስላሳዎቹን ስስ ጡቦች መደርደር ጀምራለች።